ከጎተራው እስከ ጠጠሩ፦ የድንጋይ ከሰል መጫኛ ጣቢያና የሐዲድ ግቢው ንድፍ

እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 2005 በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት የድንጋይ ከሰል የጫነ አንድ ባቡር ከሐዲዱ ወጣ። በማግስቱ በዚያው መስመር ላይ ሌላ የከሰል ባቡር ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። ባቡር ከሐዲድ መውጣቱ በራሱ ብርቅ ክስተት አይደለም። ይሁን እንጂ መስመሩ በዓለም ላይ እጅግ ከባድ ጭነት ከሚመላለስባቸው ሐዲዶች አንዱ ስለነበረና ጥገናውም ወራት ስለፈጀ፣ ጉዳቱ ከአደጋው ሥፍራ ርቆ ተሰማ። የከሰል ክምችታቸው የተመናመነባቸው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎች ፍጆታቸውን ለመቆጠብ፣ አንዳንዶቹም በምትኩ ውድ የተፈጥሮ ጋዝ ለማቃጠል ተገደዱ።

ከመንስኤዎቹ መካከል ትኩረታችንን የሳበው አንድ ተራ የሚመስል ነገር ነው፤ ሐዲዱን በሚሸከመው ጠጠር ውስጥ ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረ የከሰል ብናኝ። የዚያ ሰሞን ዝናብና በረዶ ብናኙን ሲያረጥበው ጠጠሩ የመሸከም አቅሙን አጣ። ብናኙ የመጣው በላዩ ከሚያልፉት ፉርጎዎች ነበር። ከፉርጎዎቹ እንዲበንን ያደረገው ደግሞ፣ ቢያንስ በከፊል፣ ከሰሉ ከማዕድን ማውጫው ሲጫን የያዘው ቅርጽ ነው። በዚህ ጽሑፍ የድንጋይ ከሰል መጫኛ ጣቢያና የሐዲድ ግቢው እንዴት እንደሚነደፉ እየተመለከትን፣ ያ ቅርጽ ለምን ለረጅም ጊዜ የማንም ጉዳይ ሳይሆን እንደቀረ ለማሳየት እንሞክራለን።

የማይቆመው ባቡር

አደጋው የደረሰበት መስመር የሚያገለግለው ዋዮሚንግና ሞንታና የሚጋሩትን የፓውደር ሪቨር ተፋሰስ ነው። በዚህ አካባቢ የከሰሉ ንጣፍ ለምድር ገጽ ቅርብ ሲሆን ውፍረቱ በአንዳንድ ሥፍራ 30 ሜትር ይደርሳል። በውስጡ ያለው ድኝ አነስተኛ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ የኃይል ማመንጫዎችን ፊት ወደዚህ ከሰል አዞረው። ጉድለትም አለው። ከክብደቱ ከሩብ በላይ የሚሆነው ውኃ ነው፤ አንድ ኪሎ ግራሙ የሚሰጠው ሙቀትም ወደ 20 ሜጋ ጁል ብቻ ነው። ስለዚህ የተፈለገውን ያህል ኤሌክትሪክ ለማመንጨት ብዙ ቶን ማጓጓዝ ያስፈልጋል፤ ያውም አንዳንዴ ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ። እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተውና 165 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የጋራ መስመር የተሠራው ለዚሁ ነው። ዛሬ ቢ.ኤን.ኤስ.ኤፍ. እና ዩኒየን ፓሲፊክ የተባሉት የባቡር ኩባንያዎች በጋራ ይጠቀሙበታል።

በቀድሞው አሠራር ፉርጎዎች ከመጫኛው ሥር አንድ በአንድ እየቆሙ ይሞሉ፣ ከዚያም በሐዲድ ግቢ ውስጥ እንደ መድረሻቸው ተለያይተው እንደገና ይቀጠሉ ነበር። ብዙ ትይዩ ሐዲዶች ያሉት ሰፊ ግቢ የሚያስፈልገውም ለዚሁ መለያየትና መቀጣጠል ነበር። በፓውደር ሪቨር ግን መቶ ሃያ አምስት ያህል ፉርጎዎች ከአንድ ማውጫ ተነሥተው ሳይነጣጠሉ ወደ አንድ ማመንጫ ይሄዳሉ፤ ባዶአቸውን የሚመለሱትም አንድ ላይ ነው። የሚለያይ ነገር ስለሌለ ግቢው በአንድ ትልቅ ክብ ሐዲድ ይተካል። ባቡሩ በአንድ በኩል ገብቶ፣ በጎተራው ሥር ቀስ እያለ አልፎ፣ ሎኮሞቲቩን ማዞር ሳያስፈልገው በመጣበት አቅጣጫ ይወጣል።

እስኪ ቁጥሮቹን እንመልከት። የአንድ ፉርጎ ርዝመት 16.2 ሜትር ገደማ ነው። 125 ፉርጎዎች ከሎኮሞቲቮቻቸው ጋር 2.1 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ዙሪያው ይህን ያህል የሚሆን ክብ 335 ሜትር ገደማ ሬዲየስ አለው። ታዲያ ይህ ክብ ይበቃል? አይበቃም። የመጀመሪያው ፉርጎ ጎተራው ሥር ሲደርስ የባቡሩ ጅራት ከዋናው መስመር ገለል ማለት አለበት፤ ያለበለዚያ ሌላው ባቡር ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። የመጨረሻው ፉርጎ ሲሞላ ደግሞ ራሱ ከጎተራው 2.1 ኪሎ ሜትር አልፎ ይገኛልና ለእርሱም ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከመግቢያ እስከ መውጫ ቢያንስ የሁለት ባቡር ርዝመት ያለው ሐዲድ መዘርጋት ግድ ይላል። ይህ ሒሳብ ችላ ከተባለና መግቢያውና መውጫው አንድ ሐዲድ ከሆነ፣ ባቡሩ ዞሮ የራሱን ጅራት ሊገጥመው ይችላል።

ጎተራው ያለበት ሥፍራ ቀጥ ያለና ለጥ ያለ መሆን ይኖርበታል። ምክንያቱ በፉርጎዎች መጋጠሚያ ውስጥ ያለው ላላ ያለ ክፍተት ነው። ክፍተቱን በፉርጎ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ብንለው በ125 ፉርጎ ከ6 ሜትር በላይ ይጠራቀማል። ሐዲዱ ወጣ ገባ ካለ ይህ ክፍተት እየተሳበና እየተጨመቀ ፉርጎዎቹን ያንገጫግጫል። አንድ ሜትር ወደ ፊት የዘለለ ፉርጎ ደግሞ በላዩ የሚወርደውን ከሰል በሁለት ፉርጎዎች መካከል፣ በሐዲዱ ላይ ያስፈስሳል።

በሰከንድ 15 ኩንታል

ባቡሩ በጎተራው ሥር የሚሄደው በሰዓት 0.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ስድስት ጊዜ ይበልጠዋል። ይህን ዝግታ ሳይዛነፍ ለሰዓታት ለመጠበቅ ሎኮሞቲቮቹ ልዩ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይገጠምላቸዋል። በዚህ ፍጥነት አንድ ፉርጎ በ73 ሰከንድ ያልፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ 108 ቶን ከሰል ሊገባበት ይገባል፤ በየሰከንዱ ወደ 15 ኩንታል ማለት ነው። መላው ባቡር 13,500 ቶን ይዞ በሁለት ሰዓት ተኩል ይጠናቀቃል።

ማውጫው ግን በሰዓት 5,300 ቶን ሊልክ አይችልም። የማጓጓዣ ቀበቶው በሰዓት 2,500 ቶን ያቀርባል እንበል። ባቡሩ በሚጫንበት ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ከቀበቶው የሚመጣው 6,250 ቶን ብቻ ነው። ቀሪው 7,250 ቶን አስቀድሞ ተከማችቶ መቆየት አለበት። ከፍ ብለው የሚታዩት የኮንክሪት ጎተራዎች ተግባር ይህን ልዩነት መሸፈን ነው። የውስጥ ዲያሜትሩ 21 ሜትር፣ ጠቃሚ ቁመቱ 45 ሜትር የሆነ ጎተራ 15,600 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ የከሰሉን እፍግታ በሜትር ኩብ 0.85 ቶን ብንወስድ 13,200 ቶን ገደማ፣ ማለትም የአንድ ባቡር ጭነት ያህል።

አንባቢ «ታዲያ ለምን እጥፍ አድርገው አይሠሩትም?» ሊል ይችላል። አንዱ መልስ ገንዘብ ነው። ሌላው ኬሚስትሪ ነው። የፓውደር ሪቨር ከሰል ኦክስጅን ሲያገኝ በዝግታ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ያለ ማንም ለኳሽ ይቀጣጠላል። በጎተራ ውስጥ መጀመሪያ የገባው ከሰል መጀመሪያ መውጣት አለበት። ለዚህም የጎተራው ታች ሾጣጣ ሆኖ ግድግዳው ቁልቁል የበዛ ይደረጋል፤ ዝርግ ከሆነ መሐሉ ብቻ ይፈስና ዳር ላይ የቀረው ከሰል ለሳምንታት ተኝቶ ይሞቃል።

ስለ ግቢው አንድ ነገር እንጨምር። ባቡሮች ያለ ቁርጥ ሰዓት በዘፈቀደ የሚመጡ፣ እያንዳንዱም መጫኛውን ሦስት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ፣ የወረፋ ጽንሰ ሐሳብ አማካዩን የመጠበቂያ ጊዜ ይነግረናል። መጫኛው ከጊዜው 60 በመቶ በሥራ ላይ ከሆነ አንድ ባቡር በአማካይ 2 ሰዓት ከሩብ ይጠብቃል። 90 በመቶ በሥራ ላይ ከሆነ ግን መጠበቂያው 13 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ በማንኛውም ጊዜም በአማካይ አራት ባቡሮች ተሰልፈው ይገኛሉ። አራት ባቡር ማለት እያንዳንዳቸው ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝሙ አራት ማቆያ ሐዲዶች ማለት ነው። መጫኛውን አንድም ደቂቃ ሥራ እንዳይፈታ ማድረግ የሚፈልግ ሥራ አስኪያጅ ይህን ሐዲድ አብሮ መግዛቱን ሁልጊዜ አያስተውልም።

አሸንዳው

ከጎተራው በታች መመዘኛ ሣጥን፣ ከሣጥኑ በታች ደግሞ እንደ ጣሪያ አሸንዳ ያለ፣ ወደ ታች የሚረዝምና የሚያጥር ሰፊ የብረት ቦይ አለ። ሣጥኑ የእያንዳንዱን ፉርጎ ድርሻ አስቀድሞ ይመዝናል። በአሜሪካ ሐዲዶች አንድ ባለ አራት አክስል ፉርጎ ከነጭነቱ የሚፈቀድለት ክብደት 130 ቶን ያህል ነው። ከዚህ ያለፈ ፉርጎ እየተጫረ መቀነስ አለበት፤ ያነሰው ደግሞ ሺህ ኪሎ ሜትሮች አየር ተሸክሞ ይጓዛል። አሸንዳው ወደ ፉርጎው ውስጥ ዝቅ ብሎ ይገባል፤ ከሰሉም ከከፍታ ሳይወርድ ይሞላል፤ ፉርጎው ወደ ፊት ሲሄድም የአሸንዳው ጠርዝ እንደ መደልደያ የክምሩን ገጽ ያስተካክላል።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ጠርዝ ነው። በአውድማ ላይ ጤፍ ሲፈስ ያየ ሁሉ ክምሩ ከተወሰነ ማዕዘን በላይ እንደማይቆም ያውቃል። ትርፉ እየተንሸራተተ ይወርዳል። የዚህ ማዕዘን መጠን በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ይወሰናል፤ ለከሰል 38 ዲግሪ ገደማ ነው። የፉርጎው ግማሽ ስፋት 1.5 ሜትር ከሆነ፣ በነጻነት የተከመረ ከሰል ከፉርጎው ከንፈር በላይ 1.2 ሜትር ያህል የሚያድግ ሹል ጀርባ ይሠራል። ሹሉ ላይ ያለው ቅንጣት ሊንሸራተት አፋፍ ላይ ያለ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር 40 ኪሎ ሜትር የሆነ የፊት ነፋስ ሲገጥመው በክምሩ ላይ የሚያልፈው አየር 120 ይሆናል፤ የነፋስ ግፊት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግም ጉልበቱ ነፋስ ከሌለበት ጊዜ ሁለት ከሩብ እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ይህ ከሰል ሲደርቅ እየተሰነጣጠቀ ይፈርሳል፤ ሲጫን ድንጋይ የነበረው በመንገድ ላይ አፈር ይሆናል። አሸዋ ከጫነ ገልባጭ መኪና ኋላ መኪና የነዳ ሰው ስለ ውጤቱ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ሸራ ቢለበስስ? እያንዳንዱን ፉርጎ ማልበስ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል ብንል 125ቱ ከስድስት ሰዓት በላይ ይወስዳሉ፤ በሁለት ሰዓት ተኩል የተጫነው ባቡር ለመልበስ ብቻ ከዚያ በላይ ሊቆም ነው። ከዚህም ሌላ በብዙ ማመንጫዎች ፉርጎዎቹ የሚራገፉት ከባቡሩ ሳይነጠሉ በልዩ መጋጠሚያ ላይ ተሽከርክረው፣ አፋቸው ወደ ታች ተደፍቶ ነው። ሸራው መጀመሪያ መገፈፍ ይኖርበታል።

ከሰሉ እየበነነ መሆኑ ምሥጢር አልነበረም። ቢ.ኤን.ኤስ.ኤፍ. ያወጣው ግምት ከአንድ ፉርጎ በአንድ ጉዞ ከ225 እስከ 900 ኪሎ ግራም ሊጠፋ እንደሚችል ያመለክታል። ከጭነቱ ጋር ሲነጻጸር ይህ ከ0.2 እስከ 0.8 በመቶ ብቻ ነው። ሻጩም ገዢውም ይህን ያህል ጉድለት በዝምታ ያልፉታል። በዝቅተኛው ግምት እንኳ ግን ከአንድ ባቡር 28 ቶን ነው፤ የተወሰነው ክፍል የሚወርደውም ባቡሮች ሁሉ በሚያልፉበት በአንዱ ሐዲድ ላይ ነው።

ጠጠሩ

ከሐዲዱ አግዳሚዎች በታች የሚነጠፈው ጠጠር የሚመረጠው ማዕዘን የበዛበትና ጠንካራ እንዲሆን ነው። ድንጋዮቹ እርስ በርስ ተነካክሰው የባቡሩን ክብደት ያከፋፍላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ ውኃ ያሳልፋል። ከአንድ ሜትር ኩብ የግራናይት ጠጠር ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ባዶ ቦታ ሲሆን ክብደቱ 1.6 ቶን ገደማ ነው። በዚህ ላይ ከጠጠሩ ክብደት 15 በመቶ የሚሆን የከሰል ብናኝ፣ ማለትም 240 ኪሎ ግራም እንጨምርበት። 15 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከሰል ከድንጋይ እጅግ የቀለለ ነው፤ የላላ ብናኝ እፍግታው በሜትር ኩብ 0.7 ቶን ቢሆን 240 ኪሎው 0.34 ሜትር ኩብ ይይዛል። ከነበረን 0.4 ሜትር ኩብ ባዶ ቦታ የቀረው ኢምንት ነው።

በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኤሮል ቱቱምሉየርና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከአደጋው በኋላ ባካሄዱት ምርምር፣ ከፓውደር ሪቨር የመጣ ብናኝ ከግራናይት ጠጠር ጋር ቀላቅለው በትልቅ የብረት ሣጥን ውስጥ አንዱን ገጽ በሌላው ላይ እየገፉ ለመንሸራተት የሚያሳየውን ተቃውሞ ለኩ። ደረቅ ብናኝ ከጠጠሩ ክብደት 15 በመቶ ሲደርስ የጥንካሬው መቀነስ ጎልቶ ታየ። ብናኙ ሲረጥብና ባዶውን ቦታ ሲሞላው ግን ጠጠሩ ጠጠርነቱ ቀርቶ የመንሸራተት ተቃውሞው ወደ ከሰል ብናኙ ወደ ራሱ ተጠጋ። በእኛ አስተያየት ከጉዳዩ ሁሉ አስደንጋጩ ይህ ነው። መሐንዲሱ በወረቀት ላይ ግራናይት አንጥፏል፤ ባቡሩ የቆመው ግን በረጠበ ከሰል ላይ ነው። ከላይ የሚታየው ድንጋይ ለውጡን ስለሚሸፍነው በዓይን ቅኝት ብቻ ችግሩ አይደረስበትም። የከሰል ብናኝ ውኃ የመያዝ ጠባዩም ነገሩን ያባብሰዋል።

ከሰል ላኪዎችና ገዢዎች ይህን ድምዳሜ ዝም ብለው አልተቀበሉም። መስመሩ እጅግ ከባድ ጭነት የሚያመላልስ ስለሆነ ዋናው ጉድለት የጥገና ነው፤ ብናኝ ካለም ጠጠሩን ማጽዳት የባቡር ኩባንያው ሥራ ነው ሲሉ ተከራከሩ። ክርክራቸው ከንቱ አልነበረም፤ የጠጠር ማጽዳት ሥራ ማንም ኃላፊነቱን ቢወስድ ጊዜው ሲደርስ መደረግ ያለበት ነው። ጉዳዩ ለፌዴራሉ የምድር ትራንስፖርት ቦርድ ቀረበ። ቦርዱ እ.ኤ.አ. በ2011 የከሰል ብናኝ ለጠጠር ጎጂ መሆኑን፣ የባቡር ኩባንያም ምክንያታዊ የሆነ የጭነት ደንብ ማውጣት እንደሚችል ተቀበለ፤ ኩባንያው በመጀመሪያ ያወጣውን ደንብ ግን ላኪው ምን ቢያደርግ ግዴታውን እንደተወጣ በግልጽ ስለማያሳውቅ አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት የወጣው የተሻሻለ ደንብ ይህን ክፍተት ሞላ፤ በተወሰነው ቅርጽ የጫነና ብናኙን ቢያንስ በ85 በመቶ እንደሚቀንስ የተመሰከረለትን ፈሳሽ በላዩ የረጨ ላኪ ግዴታውን እንደተወጣ ይቆጠራል።

የተወሰነው ቅርጽ ምንድን ነው? ሹል የሌለው፣ እንደ ድፎ ዳቦ ጀርባ ለስለስ ብሎ የጎበጠ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ገባ ያለ ክምር ነው። ይህን ለማግኘት አዲስ ጎተራ ወይም አዲስ ሐዲድ አላስፈለገም። የአሸንዳው ጠርዝ ቅርጽ ተቀየረ፤ ጥቂት የተቆረጠና የተበየደ ብረት ነው። ፈሳሹም ፉርጎው ከአሸንዳው ሥር እንደወጣ በላዩ ከተተከለ የቧንቧ ቅስት ይረጫል፤ ሲደርቅ በክምሩ ላይ ስስ ቅርፊት ይሠራል። ለዓመታት ይህ ሳይደረግ የቀረው ቴክኒኩ ከባድ ስለነበረ አይመስለንም። አሸንዳውን የሚነድፈው ማዕድን አውጪው ነው፤ የጠጠሩን ወጪ የሚከፍለው ባቡር ኩባንያው ነው፤ የኤሌክትሪክ መቆራረጥ ሥጋት የሚሸከመው ደግሞ ሦስተኛ ወገን ነው። የንድፉ ወረቀት የሚያበቃው በግቢው መውጫ ላይ ስለነበረ፣ ከመውጫው በኋላ በፉርጎው ላይ የሚሆነው በማንም ስሌት ውስጥ አልገባም።

ዛሬ እነዚህ ጣቢያዎች የተነደፉለት ጥያቄ ራሱ ተለውጧል። የዋዮሚንግ ከሰል ምርት እ.ኤ.አ. በ2008 ከ420 ሚሊዮን ቶን በላይ ሲሆን በ2024 ከ200 ሚሊዮን ቶን በታች ወርዷል። ወረፋው ሲያጥር ማቆያ ሐዲዶቹ ይለቀቃሉ፤ ጎተራው ግን ሌላ ሒሳብ ይጠይቃል። በየሦስት ሰዓቱ ባቡር ሲመጣ 13,200 ቶኑ በግማሽ ቀን ውስጥ ይታደስ ነበር። በቀን አንድ ባቡር ብቻ ከመጣ ከሰሉ ከ20 ሰዓት በላይ ተኝቶ ይውላል፤ ባቡሩ ቢዘገይ ደግሞ ለቀናት ሊቆይና እየሞቀ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ጎተራውን ዝቅ አድርጎ ይዞ ባቡሩ መነሣቱ ሲረጋገጥ ብቻ መሙላት ይሻላል። በሰዓት 2,500 ቶን በሚያቀርበው ቀበቶ 7,250 ቶን ለማጠራቀም ሦስት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋልና፣ የመጫኛው ሠራተኛ ስለሚመጣው ባቡር ቢያንስ ከሦስት ሰዓት በፊት መስማት ይኖርበታል።